ጎልፍ ለእነሱ፣ ጉድጓዱ ለኮልፌ!

አማርኛችን ጉደኛ ነው። «ጎልፍ» እና «ኮልፌ» ብሎ ሁለቱን አፍ ላይ ጎረቤት አድርጓቸዋል። ፈጠን ብሎ የሚናገር ሰው ካጋጠመዎት የቱን እንዳለ መልሰው ሊጠይቁት ነው። ኑሮው ላይ ሲመጣ ግን አያሻማም። ጎልፍ ማለት 18 ጉድጓድ ያለው ለምለም መስክ ነው። «ኮልፌ አሥራ ስምንት» ማለት ደግሞ ማዞሪያው ነው፤ ታክሲ የሚጠበቅበት፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ፣ በጋ ሲገባ አቧራ የሚዋጥበት ማዞሪያ። የጉድጓድ ነገር ከተነሣማ እኛ እነሱን እናስከነዳለን! እነሱ 18 ብለው ቆጥረው ይጨርሳሉ፤ የኛን የቆጠረው የለም።

ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንንገረው። ቅዳሜ ጧት ወዳጅ ወዳጁን በስልክ ይጠራል። ሦስት ወይም አራት ሆነው ይወጣሉ። እያንዳንዳቸው ዱላ የታጨቀበት ቦርሳ አላቸው፤ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ በሕጉ ክልክል ነው። (ከ14 በታች መያዝ አያስጠይቅም፤ ባዶ እጅ መምጣት ግን ከበር ያስመልሳል።) ኳሷ 46 ግራም አትሞላም። የምትገባበት ጉድጓድ አፉ 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ሰሐን ታህላለች። ይቺን ኳስ ከሩቅ እየመቱ፣ እየተከተሉ፣ እየተሳሳቁ፣ አንዱ ሲስት ሌላው «አይዞህ» እያለው 18 ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ይከታሉ። አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ወደ ክበቡ መጠጥ ቤት ጎራ ይላሉ። ይህንን ቤት በቀልድ «አሥራ ዘጠነኛው ጉድጓድ» ይሉታል። ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው ይላሉ የሚያውቁት። ኮንትራቱ፣ ጨረታው፣ «እሱን ለኔ ተወው» የሚባለው ነገር ሁሉ የሚገባው አሥራ ዘጠነኛው ውስጥ ነው።

ሐሜት ነው እንዳትሉን። በደቡብ ኮሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሊ ሄ-ቻን እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2006 ከነጋዴዎች ጋር ጎልፍ ሊጫወቱ ወጡ። ቀኑ አገሪቱ የነፃነት ትግሏን የምታስብበት ብሔራዊ በዓል ነበር። በዚያው ዕለት የባቡር ሠራተኞች አድማ መትተዋል። ሕዝቡ ጮኸ። ሰውዬው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥልጣናቸውን አስረከቡ። ልብ ይበሉ፤ ሰው አልገደሉም፤ ባንክ አልዘረፉም። ማንና ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር ሣር ላይ ዋሉ የሚለው ብቻ ጠቅላይ ሚኒስትር አወረደ! ያችው አገር በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው የፀረ ሙስና ሕግ ባለሥልጣንን ጎልፍ መጋበዝ ያስቀጣል። የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲም በ2015 አባላቱ የጎልፍ ክለብ የአባልነት ካርድ ይዘው እንዳይገኙ ደነገገ። በዓመቱ ደግሞ የፓርቲው የዲሲፕሊን ጋዜጣ «ጎልፍ ራሱ ኃጢአት የለበትም፤ በራስ ገንዘብ እስከሆነ ድረስ» ወደሚል ሐሳብ መጣ። ይቺን «በራስ ገንዘብ» የምትል ቃል እኛም አገር ተርጉሞ የሚያስገባልን ቢገኝ ምንኛ በወደድን!

አንድ ነገር ግን ሳይደበቅ ይነገር። ጨዋታው ያስቀናል። ጎልፍ «ሀንዲካፕ» የሚባል ሕግ አለው። ደካማው ተጫዋች ከብርቱው ጋር ሲሰለፍ ተጨማሪ ምት ይሰጠዋል። ገና ጀማሪ ነው፣ አቅሙ አይችልም ተብሎ ይታገዝና ሁለቱ እኩል ተፋላሚ ሆነው ይወጣሉ። እስቲ ይታያችሁ! ሀብታሙና ሹሙ በሚውልበት መስክ ላይ ደካማን የሚደግፍ ሕግ አለ። ከአጥሩ ሲወጣ ይረሳዋል። ከአጥሩ ውጭ ጡረተኛው እናት ከባለፎቁ ጋር እኩል ዋጋ ጤፍ ትገዛለች፤ ለሷ ተጨማሪ ምት የሚሰጣት የለም።

ሌላም አለ። በጎልፍ ውድድር የአንዱን ውጤት የሚመዘግበው ሌላው ተጫዋች ነው። ባለቤቱ ያያል፣ ይፈርማል። ካገኘው የተሻለ ውጤት ጽፎ ፈርሞ ቢያስረክብ ከውድድሩ ይሰረዛል። የኛ መሥሪያ ቤቶች የዓመት ሪፖርት በዚህ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ነሐሴ ላይ ስንቱ ወንበር ባዶውን ይቀር ነበር? «ዕቅዳችንን 98 በመቶ አሳክተናል» ብሎ ፈርሞ የሚያስረክብ ሰው ካርዱን ጎረቤቱ ይያዝለት እንበል። ጎረቤቱ የኮልፌ ነዋሪ ይሁንለት።

ይህን ያህል ካሞገስነው ጠባችን ከምኑ ጋር ነው? ጠባችን ከዱላውም ከኳሱም ጋር አይደለም። ጠባችን ከአጥሩ ጋር ነው።

አዲስ አበባ ላይ የጎልፍ ሜዳ አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ኤምባሲ በአፄ ምኒልክ ዘመን በተሰጠው ሰፊ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ እንደነበረው የከተማው ሰው የሚያወራው ነው። ዘጠኝ ብቻ ያለው ሰው ዙሩን ሁለቴ ይዞርና 18 ያደርገዋል። ከጦር ኃይሎች ወደ አሮጌው ኤርፖርት ሲሉ ደግሞ የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብን ለዓመታት እናውቀዋለን። ከኮልፌ ቀራንዮ የእግር መንገድ ነው። የእግር መንገድ ይሁን እንጂ ከኮልፌ ወደዚያ ሜዳ በእግሩ ሄዶ፣ ገብቶ፣ ሣር ላይ ተቀምጦ የወጣ ነዋሪ ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን በየቤታችን እንጠያየቅ። እናቶቻችን «ጎልፍ ክለብ ጋ ወራጅ አለ» ብለው ከታክሲ የሚወርዱት የጎልፍ ፍቅር ይዟቸው አይደለም። ለእነሱ ጎልፍ ክለብ የፌርማታ ስም ነው።

ኮልፌ ቀራንዮን ለማያውቅ ደግሞ ሁለት ቁጥር እንስጠው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551 ነዋሪ ተቆጠረላት። ከዚህ ውስጥ 428,895ቱ የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ነበር። ከያኔዎቹ አሥር ክፍለ ከተሞች በሕዝብ ብዛት አንደኛ! ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተወለደ፣ ስንቱ ከየገጠሩ መጣ፣ ስንቱ ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር ተገፋ። ቆጠራው እስካሁን አልተደገመም። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሕዝብ ልጆች አሉት። ልጆቹ እግር አላቸው። እግሩ የሚሮጥበት ሜዳ የታል?

ሎሚ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለን። ሎሚውም የለም፤ ሜዳውም የለም፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፣ አየር ጤና፣ ወይራ ሰፈር ሄዳችሁ ዕድሜው አርባ የሞላውን ሰው «ልጅ ሆነህ ኳስ የት ነበር የምትጫወተው?» ብላችሁ ጠይቁት። በጣቱ ሕንፃ ያሳያችኋል። «እዚያ ነበር» ይላል፤ የሚያሳያችሁ ቦታ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቆሞበታል። ዛሬ ልጁ የሚጫወተው አስፋልት ዳር ነው። ሚኒባስ ሲመጣ «መኪና!» ብለው ይበተናሉ፤ ሲያልፍ ይሰበሰባሉ። በየቦታው ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ፣ በመረብ የታጠሩ ሜዳዎች መብቀላቸው እውነት ነው። የሚከራዩት ግን በሰዓት ነው። ደመወዝተኞች ገንዘብ አዋጥተው ማታ ማታ ይጫወቱባቸዋል፤ እሰየው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ግን የሰዓት ኪራይ ከየት ያመጣል? በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የልጆች መጫወቻዎች መሠራታቸውንም አንክድም። ለመሥሪያው ስንቱ ቤት እንደፈረሰ ደግሞ እነሱ አይካዱን። መጫወቻው የተሠራው በዋናው መንገድ ዳር ነው፤ እንግዳ በሚያየው በኩል። የውስጥ ለውስጡ ልጅ እንግዳ አያየውም።

«መሬት የለም» ይሉናል። ይሄ መልስ አሁን አሁን ያስቀናል እንጂ አያሳምንም። ደረጃውን የጠበቀ 18 ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ ብዙውን ጊዜ 50 ሄክታርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚመከረው የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር ነው። አካፍሉት። አንድ የጎልፍ ሜዳ ውስጥ 70 የኳስ ሜዳ ይገባል! እኛ ሰባ አልጠየቅን። ሰባቱንም አልጠየቅን። አስፋልት ላይ የሚራወጠው ልጅ የጠየቀው ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ የሚያቆምባትን ታህል ነው።

ስለ ስፋት ከተነሣ ዘንድ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ማንም ሊገዛው ያልፈለገ ሰፊ መሬት ነበረን። ረጲ። ቆሼ። 36 ሄክታር ያህል። ከ50 ዓመት በላይ አዲስ አበባ የበላችውን በልታ የተረፋትን የምትደፋው እኛ ላይ ነበር። የቦሌው ድግስ፣ የሆቴሉ ሰርግ፣ የክበቡ አሥራ ዘጠነኛ ጉድጓድ ጠርሙስ ሁሉ መጨረሻው ቆሼ ነው። ሰው ቆሻሻው ላይ ቤት ሠርቶ፣ ከቆሻሻው እየለቀመ፣ ልጅ አሳድጎበታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ወገኖቻችን ከነቤታቸው ተቀበሩ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ባንዲራ ዝቅ አለ፤ አራተኛው ቀን ላይ ከፍ አለ። ቀኑ ምን ቀን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ቅዳሜ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲለቅም የዋለው ሰው ቤቱ ገብቶ ያረፈበት ቅዳሜ ማታ! በዚያኑ ቀን ጧት በዚህ ከተማ ዱላውን ይዞ የወጣ ሰው ቢኖር በሱ አንፈርድም፤ ጠዋት ማንም አያውቅም ነበር። እኛ የምንፈርደው አንድ ክፍለ ከተማ ለምን የሌላው ሁሉ ትርፍ መድፊያ ይሆናል በሚለው ላይ ነው። ለምለሙን አጥሮ፣ የሸተተውን ክፍት አድርጎ የሰጠን ማን ነው?

አሁን «ይሄ የስፖርቱ ባሕርይ ነው፤ ጎልፍ በዓለም ዙሪያ የተመረጡ ሰዎች ጨዋታ ነው» የሚል ተከራካሪ ብቅ ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የጎልፍን ታሪክ አያውቅም ማለት ነው። እኛ እንንገረው።

የጎልፍ አገሩ ስኮትላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ እግር ኳስንና ጎልፍን አንድ ላይ ከለከለ። ምክንያቱ? ወጣቱ ቀስት መወርወር መለማመዱን ትቶ ጨዋታ ላይ ዋለ ተብሎ ነው። ልብ አላችሁ? ያኔ ንጉሡ ፊት ጎልፈኛውና ኳሰኛው እኩል ጥፋተኞች ነበሩ! ከዚያ ሴንት አንድሩስ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ ጎልፈኞች ሁሉ እንደ መሳለሚያ የሚያዩዋት ናት። እ.ኤ.አ. በ1552 የዚያች ከተማ ሊቀ ጳጳስ በአሸዋማው መስክ ላይ ጥንቸል ማርባት ፈለጉ። ፈቃዱን ያገኙት በአንድ ስምምነት ነው። የከተማው ሕዝብ በዚያው መስክ ላይ ጎልፍም፣ እግር ኳስም፣ ሌላውንም ጨዋታ የመጫወት መብቱ እንደተጠበቀ ይቆያል የሚል ውል ተጻፈ። ሊቀ ጳጳስም ቢሆኑ ሜዳውን አላጠሩም!

ያ መስክ ዛሬም የሕዝብ ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚከበረው፣ «ኦልድ ኮርስ» የሚባለው የጎልፍ ሜዳ፣ ትልልቅ ውድድር ካልኖረ በስተቀር እሑድ እሑድ ለጎልፍ ዝግ ነው። ለሕዝብ ግን ክፍት! እሑድ የከተማው ሰው ልጁን አስከትሎ፣ ውሻውን ይዞ፣ ምሳውን ቋጥሮ እዚያ ሣር ላይ ይዘዋወራል። የዓለም ሻምፒዮኖች ኳስ የሚመቱበት ሣር ላይ አያቶች ጋሪ ይገፋሉ። ሣሩ አልሞተም። ጎልፍ አልሞተም። የሰማይ አጥናፍም አልተደረመሰ።

ታዲያ ይሄ ጨዋታ ከአገሩ ሲወጣ ነው የከፋው። በየሄደበት አጥር እየተከለ ሄደ። ናይሮቢ በ1906 ሲደርስ ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር ደረሰ፤ ጥቁር የሚገባው ሣር ለማጨድና ቦርሳ ለመሸከም ነበር። ቦርሳ ተሸካሚው «ካዲ» ይባላል። የጎልፍ ታሪክ የካዲዎች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1913 የአሜሪካን ትልቁን ውድድር አሸንፎ ዓለምን ጉድ ያሰኘው ፍራንሲስ ዊሜት ቀድሞ ካዲ የነበረ የድኃ ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የፓፕዋ ሴውጎሉም ታሪክ ነው። ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ዘሩ ከሕንድ። ካዲ ሆኖ ሲሸከም ጨዋታውን በዓይኑ ለቀመ። ዱላውን ሲይዝ እጆቹን ገልብጦ፣ ማንም እንደማይይዘው አድርጎ ነበር የሚይዘው፤ አስተማሪ አልነበረውማ። በ1963 የናታል ኦፕንን ደርባን ላይ አሸነፈ። ነጮቹን ሁሉ አሸነፈ! ሽልማቱ ሲሰጥ ዝናብ ይዘንባል። የተሸነፉት ነጮች ክበቡ ውስጥ ገብተው ተጠልለዋል። አሸናፊው ግን ቆዳው ነጭ ስላልሆነ ወደ ውስጥ መግባት ሕጉ አይፈቅድለትም። ዋንጫውን ደጅ ላይ፣ ዝናብ እየወረደበት ተቀበለ። ፎቶግራፉ በዓለም ዞረ፤ አፓርታይድን ካዋረዱት ምስሎች አንዱ ሆነ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1962፣ አንድ ረዥም ጥቁር ሰው የት ነበር? ኮልፌ! ኔልሰን ማንዴላ ተኩስና ውትድርና የተማረው እዚሁ እኛ ሰፈር፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ተያዘና 27 ዓመት ታሠረ። የታገለው ምን ነበር ቢሉ፣ አሸናፊን ደጅ ላይ ዝናብ የሚያስመታውን አጥር ነው። እንግዲህ ኮልፌ አጥር ማፍረስን ለሌላ አገር ሰው ያስተማረች ሰፈር ናት። ለራሷ ልጆች ስትሆን ግን በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። «ቀለም እኮ አይደለም፤ እዚህ ማንም ከከፈለ ይገባል» ትሉናላችሁ። አዎን፤ ከከፈለ። ዱሮ ቆዳውን አይተው የመለሱትን አሁን ኪሱን አይተው ይመልሱታል። ደጅ ለቆመው ሰው ዝናቡ ያው ዝናብ ነው።

የዱላና የኳስ ጨዋታ ብርቅ ሆኖብን እንዳይመስላችሁ ደግሞ። እኛም አለን! የገና ጨዋታ ምንድን ነው? ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ የምትጠነጠን ጥንግ፣ የመከር ማግሥት ሜዳ። ኮሚቴ የለ፣ መታወቂያ የለ፣ የአባልነት ክፍያ የለ። ይልቁንም በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ጌታው መቆጣት ነውር ነው። የዓመቱ ሌላ ቀን ሁሉ የጌታው ሲሆን ያቺ ቀን የሎሌውም ነበረች። ይሄ ነው የኛ ሀንዲካፕ! አባቶቻችን የማዕረግ ልዩነት ሲበዛባቸው ቢያንስ ሜዳው ላይ ይቅር ብለው ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ ልዩነቱ እንዳይጠፋ ለሱ የሚሆን ሜዳ አዘጋጁ። ገና የሚጫወትበት ጃንሜዳም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ አትክልት ተራ ሆኖ ቆየ፤ ጥምቀት ሲደርስ በስንት ጩኸት ተለቀቀ። ለበሽታው መላ ነው ተብሎ ሕዝቡ የራሱን ሜዳ ሽንኩርት አስጥቶበታል። በዚያው ሰሞን ሽንኩርቱን ወደ ጎልፍ ሜዳ እንውሰድ ብሎ ሐሳብ ያቀረበ አንድ ባለሥልጣን ሰምታችኋል? እኛ አልሰማንም።

«የውጭ ኢንቨስተር ጎልፍ ከሌለ አይመጣም» የሚሉም አሉ። ኢንቨስተር የሚመጣው መብራት ሳይጠፋበት፣ ዶላሩ ሳይያዝበት፣ ጭነቱ በመንገድ ላይ ሳይታገት የሚሠራበት አገር ሲያገኝ ነው። እነዚህ ሦስቱ ተሟልተውለት ጎልፍ በመታጣቱ ፋብሪካውን ነቅሎ የሄደ ሰው እስቲ አሳዩን። ደግሞስ ሣሩ ውኃ ይጠጣል። ኮልፌ ጎረቤቷ ገፈርሳ ግድብ ሆኖ እንኳ ውኃ የምታገኘው በፈረቃ ነው። ጀሪካን ደርድራ ሌሊት የምትነሣ እናት ስለ ሣር ልምላሜ ስትሰማ ምን እንደምትል እዚህ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተባለ። እንግዲያው በዚህ ከተማ ማንም የጎልፍ ክለብ የመሬት ባለቤት የለም። ያለው ተጠቃሚ ነው። ባለቤቱ ማን ነው? አንቀጹ እንዳለው ከሆነ አስፋልት ዳር «መኪና!» እያለ የሚበተነው ልጅም ከባለቤቶቹ አንዱ ነው። ባለቤት በገዛ መሬቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ተጠቃሚውን የሚያይበት አገር የት አለ?

እዚህ ላይ የኛን ወገን የሆኑ ሰዎችንም አንድ ቃል እንናገራቸው። «ይታረስና ኮንዶሚኒየም ይሠራበት!» የሚሉ አሉ። ኧረ ጎበዝ፣ እናስብ! አጥሩ ከፈረሰ በኋላ ሣሩ ላይ የሚቆመው የኛ ቤት ይመስላችኋል? የተፈናቀለው ሁሉ ዕጣ የወጣለት ይመስላችኋል? በሊዝ ጨረታ ይወጣል፤ ካሬው በስንትና ስንት ይሸጣል፤ መስታወት የለበሰ ፎቅ ይቆማል፤ እኛ አሁንም ደጅ ነን። ልዩነቱ ዱሮ በአጥሩ ቀዳዳ አረንጓዴ ነገር እናይ ነበር፤ ያን ጊዜ የራሳችንን ፊት በመስታወቱ ውስጥ እናያለን። ጎልፍ ሜዳውን እስካሁን ከፎቅ ያዳነው ጎልፍ ነው፤ ይሄን ውለታ አንክድም። ሣሩ እንዳለ ይቆይ። ዛፉም ይቆይ። ወፎቹም ይቆዩ። ጎልፈኞቹም ይጫወቱ!

የምንጠይቀው እሑድን ነው። ኤምባሲውን እንተወው፤ የ1961ዱ የቪየና ስምምነት የኤምባሲ ግቢ አይደፈርም ይላልና የእንግሊዞችን ደጅ አንደፍርም። (የስኮትላንዱን ልማድ ስናነሣ ግን እነሱም ቢሰሙት አይከፋንም።) በኢትዮጵያ ሕግ ሥር ያለ፣ በሕዝብ መሬት ላይ የተንጣለለ ማንኛውም የጎልፍ ሜዳ ግን ቅዳሜ ለአባላቱ፣ እሑድ ለሰፈሩ ይሁን። ውሳኔው የፓርላማ ስብሰባ አያስፈልገውም። የከተማው አስተዳደርና የክለቡ አመራር አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው የሚጨርሱት ነው። ከፈለጉም አሥራ ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ ሆነው ይጨርሱት፤ ለአንድ ቀን ጥሩ ነገር ይዋልበት።

«ሣሩ ይበላሻል» ካላችሁ አምስት መቶ ዓመት ሲረገጥ የኖረውን የሴንት አንድሩስን ሣር ጠይቁት። «ቆሻሻ ይጥሉበታል» ካላችሁ የኮልፌን ሰው ስለ ቆሻሻ ለማስተማር ከናንተ የተሻለ ሰው ፈልጉ። «ጉድጓዱን ያበላሹታል» ካላችሁ በየጉድጓዱ ላይ ገመድ ዘርጉበት፤ ልጆቹ የሚፈልጉት ጉድጓድ አይደለም፤ እሱማ ሰፈራቸው ሞልቷል። «ጥበቃው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል» ካላችሁ የየሰፈሩ እድሮች ለቀብር ድንኳን ሲተክሉ የሚያስከብሩትን ሥርዓት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተራ ገብተው ይጠብቁላችኋል።

በሩ እሑድ ጧት በሦስት ሰዓት፣ ቅዳሴም ካለቀ በኋላ ይከፈት፤ ማታ በአሥራ አንድ ይዘጋ። ለሽማግሌዎች ወንበር ባይኖርም ግድ የለም፤ ጋቢያቸውን ያነጥፋሉ። ኳሱን እኛ ይዘን እንመጣለን፤ ለጎል የሚሆን ድንጋይም ከኮልፌ አይጠፋም።